ሒልሚ ይለቅለታል አሉ

ሻዕባን 23 (ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል)

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እህቴ ሹሩቅ ናት። «ሰው ላይ ከምትጮህ ወረቀት ላይ ጩህ። ወረቀት ጆሮ የለውም፣ እኛ ግን አለን» አለችኝ። የነርስ ትምህርት ቤት ደብተሯ ስለሆነ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የኩላሊት ሥዕል አለ። ኩላሊቱን መነጽር አድርጌለት ኡስታዝ ሒልሚን አስመሰልኩት። ትንሽ ቀለል አለኝ።

አልቀለለኝም።

ሻዕባን 24

እሺ፣ ከሥሩ ልጀምር፤ ደብተሩን ሰርቆ የሚያነብ ሰው ግራ እንዳይጋባ። (ሹሩቅ፣ አንቺን ነው።)

የእስክንድርያ ክለባችን የቼዝ ውድድር አለቀ። እኩል ነጥብ ይዘን አንደኛ የወጣነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔ ያቁት፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኙ ልጅ፣ እና ኡስታዝ ሒልሚ፣ የሠፈራችን የሒሳብ መምህር። ሁለታችንም ግራንድማስተር ነን፤ በቼዝ ከዚህ በላይ ማዕረግ የለም። ክለቡ ያሉት ሁለት ግራንድማስተሮች ናቸው፣ ሁለቱም አይነጋገሩም። ማለቴ፣ እኔ አላነጋግረውም። እሱ ሰላም ይለኛል።

ቼዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህን የጻፍኩት ለመረጃ ያህል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ እየሄድኩ እንጫወት ነበር። ማዕረጉን ያገኘሁ ዕለት «ከእንግዲህ ተፎካካሪ ነን፤ ተፎካካሪ ምስጢሩን አይሰጥም» ብሎ ሐሙስን አስቀረው። ቅር አላለኝም። ሐሙስ ሐሙስ ሌላ ሥራ አለኝ።

አሁን ነገሩ ይህ ነው። ካይሮ ለሚሰበሰበው ብሔራዊ ቡድን ከክለባችን የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ነው። የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ወታደር ቤት ይገባል። ቡድኑ ውስጥ ከገባሁ ግዳጁ ይራዘምልኛል። ካልገባሁ ክረምት ሲመጣ ጭንቅላቴን ተላጭቼ የሆነ በረሃ ውስጥ አሸዋ ስጠርግ ነው የምታገኙኝ። አሸዋ! በረሃ ውስጥ አሸዋ የሚጠረገው ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ከሃያ እስከ ሃያ ሦስት ዓመት ያለው ዕድሜ ለቼዝ ተጫዋች ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ደግሞ አያናግረኝ።

ሒልሚስ? ሒልሚ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ለዚሁ ቦታ ስንት ጊዜ በግማሽ ነጥብ እንደቀረ እሱም መቁጠር ትቷል። ይህ የመጨረሻው ነው ይላሉ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ላልቅስለት?

ሻዕባን 26

ከስብሰባ መመለሴ ነው። ከንዴቴ ቆሜ ስለምጽፍ ፊደሉ ጠማማ ነው፤ ጠማማ ፊደል የማይወድ አያንብብ።

የክለቡ ዳኛ ሐጂ ዘግሉል ነው፤ ድሮ የትራም ተቆጣጣሪ ነበር፣ እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ ቲኬት የሌለው ይመስለዋል። ብድግ አለና አንድ ፈጣን ጨዋታ ተጫወቱና ያሸነፈው ካይሮ ይሂድ አለ። ጥሩ። ፈጣን ጨዋታ የኔ ነው፣ ሒልሚ ሁልጊዜ ሰዓት ያጥረዋል። ቀኑ የረመዳን አጋማሽ ሐሙስ ነው አለ። ጥሩ። ሰዓቱ ከመግሪብ በፊት ነው ሲል ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«ጨዋታው መሐል ፀሐይ ትጠልቅብናለች እኮ! ማታ ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ይሁን» አልኩ።

«ከተራዊሕ በኋላ አዳራሹ የዶሚኖ ሰዎች ነው።»

«ይነሱ!»

«አንተ ልጅ» አለኝ ሐጂ፣ «አንተ የዶሚኖ ሰዎችን አስነሳ፣ እኔ ደግሞ ሄጄ ባሕሩን ላስነሳ።»

ከዚያ ሕጉን አነበበ። አዛን ሲል ሰዓቱን ያቆማል። ቦርዱን ጨርቅ ያለብሰዋል። እኔና ሒልሚ በአንድ ሳሕን እናፈጥራለን፣ እንሰግዳለን፣ እንመለሳለን፣ ጨርቁ ይነሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

«ይሄ ፈጣን ጨዋታ ነው ለቅሶ ቤት?» አልኩ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም። እኔም ሆንኩ ሒልሚ ቦርድ ሳናይ መጫወት የምንችል ሰዎች ነን። ቦርድ ላይ ጨርቅ መጣል ማለት የዓሣ ገንዳ ሸፍኖ «አሁን ዓሣው መዋኘት አቁሟል» እንደማለት ነው። ሰዓት ለሚያጥረው ሰው ሾርባ እየጠጣ በነጻ የሚያስብበት ጊዜ ሰጡት ማለት ነው! ይህን ስል ሒልሚ ሻዩን እያማሰለ «ሐጂ እንዳለ» አለ። ሐጂ እንዳለ! ኩላሊት!

ዕጣም አወጣን። ሒልሚ ሁለት ጡጫ ዘረጋልኝ፤ በአንዱ ነጭ ወታደር፣ በአንዱ ጥቁር ወታደር ይዟል። ግራውን መታሁት፣ ነጭ ወጣልኝ። ነጭ የደረሰው የግድ ማሸነፍ አለበት። ጥቁሩ እኩል ከወጣ ይበቃዋል፣ ቦታው የእሱ ነው። በዚህ ፈንታ ከጥቁሩ ሰዓት ይቀነሳል። ይቀነሳል፣ ከዚያ በሾርባ ይመለስለታል።

እና ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። እዚህ «ሒልሚ፣ አንተ» እያልኩ እጽፋለሁ። ፊቱ ስቀርብ ግን ምላሴ ራሱ «ኡስታዝ፣ እርስዎ» ይላል። ምላሴ የማን ወገን ነው?

ረመዳን 1

ራሴን አመመኝ። እናቴ ላይ ጮህኩ። ሹሩቅ ላይ ጮህኩ። ድመቷ ቀድማ ወጣች።

ረመዳን 3

ጸጉር ቤት ነበርኩ። ጸጉር ቆራጩ ግማሽ ጺሜን ላጭቶ ምላጭ እስኪቀይር ፊቴ ላይ ፎጣ ጥሎልኛል። ሐጂ ዘግሉል ገባና እኔ መሆኔን ሳያውቅ ከጎኔ ቁጭ አለ።

«የሐሙሱ ጨዋታ ምን ይሆናል ሐጂ?» አለው ሌላ ሰው።

«ምን ጨዋታ አለ? ሒልሚ ይለቅለታል» አለ ሐጂ። «የገዛ ተማሪው ሦስት ዓመት በረሃ ሲቀበር ቁጭ ብሎ ያያል? ያ ሰውዬ እንዲህ ያለ ልብ የለውም። አንዲት እርምጃ ይስታል፣ በቃ። ማንም አያውቅም፣ አላህ ብቻ ያውቃል።»

ጸጉር ቆራጩ ይስላል፣ ይስላል፣ ሳንባው እስኪወጣ ይስላል። ሐጂ አልገባውም። ፎጣውን ገፍፌ ተነሳሁ፤ ግማሽ ፊቴ ሳሙና ነው።

«አላህና እኔ እናውቃለን ሐጂ!»

ሐጂ ዘሎ ተነሳ። «ቢስሚላህ! ከየት መጣህ?»

ግማሽ ጺሜን ይዤ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ሰው ሁሉ ያየኛል። ይዩኝ። ይለቅለታል! ለማን ነው የሚለቀው? ለልጅ ከረሜላ እንደሚለቁት? እስቲ አስቡት፤ ብሸነፍ በረሃ ነው፣ ባሸንፍ «ለቀቀለት» ነው። ብሸነፍም ተሸነፍኩ፣ ባሸንፍም ተሸነፍኩ።

ደግሞስ ሐጂ እውነቱን ቢሆንስ? ሒልሚ እንዲህ ያለ ሰው ነው። አውቀዋለሁ። ፈተና ላይ የወደቀ ልጅ ሲያለቅስ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ነው። ቢለቅልኝ እገድለዋለሁ።

ባይለቅልኝስ?

ረመዳን 5

ዛሬ ጥሩ ሥራ ሠራሁ። ለሱሑር፣ ለሌሊቱ ምግብ፣ ከበሮ እየመታ ሰው የሚቀሰቅሰው አባባ ዲሱቂ በየቤቱ ሥር ቆሞ የሰው ስም ይጠራል። ለምኜ አስማማሁት። ከእንግዲህ ሒልሚ ሰገነት ሥር ሲደርስ እንዲህ ይላል፤ «ኡስታዝ ሒልሚ፣ ተነስ! ሰዓትህ አለቀ! ኡስታዝ ሒልሚ፣ ሰዓትህ አለቀ!»

ሰገነቱ የትኛው እንደሆነ እኔው አሳየሁት። መብራቱ ሐሙስ ሐሙስ ዘግይቶ የሚጠፋው ነው አልኩት። በዚያ መንገድ ስለማልፍ ነው የማውቀው።

ረመዳን 6

አባባ ዲሱቂ ሳይነጋ አንድ ሳሕን ቃጣይፍ፣ የረመዳን ጣፋጭ፣ ይዞልኝ መጣ።

«ምንድን ነው?»

«ሰውየው ነው። ስጮህ ከሰገነቱ ቅርጫት በገመድ አወረደልኝ። 'ለላከህ ልጅ ስጠው፣ ባዶ ሆድ ክፉ ያስባል በለው' አለ።»

«ማን እንደላከህ ነገርከው?»

«ኧረ እኔ ምንም አላልኩም። 'ያ ሰይጣን ነው አይደል?' አለ። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን ትንሽ ጮክ ሳይል አልቀረም።»

ቃጣይፉ ለውዝ ያለው ነው፣ እኔ የምወደው ዓይነት። ሁሉንም በልቼ ተናደድኩ።

ረመዳን 8

ትራም ላይ ተገናኘን። ቦታ ስላልነበረ አንድ ብረት ይዘን ቆምን። ማምለጫ የለኝም።

«ያቁት፣ ግማሽ ጺምህ የት ሄደ?»

«ኡስታዝ፣ እርስዎ ይለቁልኛል ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ጸጉር ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ ዓሣ ተራው፣ ሁሉም።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ቢለቁልኝ ቦርዱን ነው ፊትዎ ላይ የምገለብጠው።»

ትንሽ አሰበ። የሒሳብ ጥያቄ እንደጠየቅኩት ሁሉ አሰበ። «ባልለቅልህስ?»

«ያኔም እገለብጠዋለሁ።»

«እንግዲያው ሐጂን ቦርዱን በሚስማር ይምታው ልበለው» አለና ሳቀ። አጠገባችን የቆመች ሴትዮ ሳቀች። ቲኬት ቆራጩ ሳቀ። ትራሙ ሁሉ ከሱ ጋር ነው። ሳልደርስ ወረድኩ። በእግሬ ሄድኩ። ለጥያቄዬ መልስ እንዳልሰጠኝ ያወቅኩት ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ረመዳን 10

አባቴ ሞተር ፈትቶ ዕቃው ሁሉ መሬት ላይ ተበትኗል። ቀና ሳይል «መጥቶ ነበር» አለኝ።

«ማን?»

«መምህርህ።»

«መምህሬ አይደለም።»

«እሺ። መምህርህ ያልሆነው ሰውዬ መጥቶ ነበር።»

ሒልሚ ነው! እኔ ቤት በሌለሁበት! በግል ተመዝግቤ የመሰናዶ፣ ማለት የዘጠነኛ ክፍል፣ ምስክር ወረቀት ፈተና እንድፈተን ይላል። ወረቀቱ ካለኝ ግዳጁ ያጥራል፣ «ሒሳቡን እኔ አስጠናዋለሁ» ብሏል። አባቴን አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀምጦ አስረድቶታል።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ ሠራዊት ሰው ያደርገዋል አልኩ። 'ሰው ነው እኮ' አለኝ። እንግዲህ እኔ ከመምህር ጋር ምን እከራከራለሁ?»

ከጀርባዬ! በር ላይ ቆሜ የጮህኩትን ጎረቤት ሰምቷል። ካሸነፍኩት ፈተና ምን ያደርግልኛል? እሸነፋለሁ ብሎ ነው የሚያስበው ማለት ነው። ወይስ ሰው ሁሉ ልቀቅለት እያለው ስለሆነ፣ ላለመልቀቅ ሌላ መንገድ ሲፈልግልኝ ነው? ሁለቱም ያናድዳል። የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድድ ገና አልወሰንኩም።

ረመዳን 12

ከኮምፒውተር ጋር ተጫወትኩ። ተሸነፍኩ። ኮምፒውተር ግን አያዝንልህም፣ ይህን እወድለታለሁ።

እናቴ ምስር ሾርባው ጨው ያንሰዋል ስላት አለቀሰች። ስለ ጨው አይደለም ያለቀሰችው። አውቃለሁ። ይቅርታ ልላት ኩሽና ሄጄ «አሁን ደግሞ በእንባ በዛ» አልኳት። ለምን እንዲህ እንደምል አላውቅም። ሳቀች ግን።

ረመዳን 14፣ ረቡዕ

አገኘሁት! ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አገኘሁት!

ሕጉ በአንድ ሳሕን አፍጥሩ ይላል። አትናገሩ አይልም። ሒልሚ በዕረፍቱ ሊያስብ ነው አይደል? እንግዲህ አያስብም። ከመጀመሪያዋ ተምር እስከ መጨረሻዋ ማንኪያ ሾርባ ድረስ አወራለታለሁ። አስቀዋለሁ። ጆሮውን እሞላዋለሁ። የተማረ ሰው ነው፣ ሰው ሲያወራው ፊት አይነሳም፤ ይሉኝታው ይገድለዋል። የማወራውንም መርጫለሁ። የጎረቤታችን የበርዒ ሠርግ ነው፤ ረጅም ነው፣ ሰው ሳይስቅ ጨርሶት አያውቅም።

በአፍ የሚበልጠኝ በእስክንድርያ አልተወለደም።

ረመዳን 15፣ ሐሙስ

ቤቱ ተኝቷል። ሁሉንም እጽፈዋለሁ። እኔ ካልጻፍኩት ሌላ ሰው አሳምሮ ያወራዋል።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሁሉም ጾመኛ፣ ሁሉም ነጭናጫ። የዶሚኖ ሰዎችም ቦታቸውን ሊጠብቁ ቀድመው መጥተዋል። ሒልሚ ሁልጊዜ የሚለብሳትን ያችን ቡናማ ሹራቡን ለብሷል፣ ክርኑ ላይ የተጣፈችውን። እጄን ጨበጠ። እጁ ቀዝቃዛ ነው። ፈርቷል ማለት ነው። ፈርቶ የሚለቅ ሰው አለ? ይህን ሳስብ የመጀመሪያውን እርምጃ ዘገየሁ።

ከዚያ እሳት ለቀቅኩበት። ፈረስ፣ ዝሆን (ሌላ አገር ጳጳስ የሚሉት)፣ ወዚር (ንግሥት የሚሏት)፣ ሁሉንም ወደ ንጉሡ ነዳሁት። እሱ ያስባል። ያስባል። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ያስባል፣ ሰዓቱ ይፈስሳል። እየመለሰልኝ ግን ነው። ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም፤ የምትለቀቀው እርምጃ የትኛዋ ናት እያልኩ። እያንዳንዷን መረመርኩ። ሁሉም ጥሩ ነበሩ። የተረገመ፣ ሁሉም ጥሩ ነበሩ።

ዝሆኖቹ ተበላሉ፣ ወዚሮቹ ተበላሉ፣ እኔ መንገዱ ክፍት የሆነ አንድ ትርፍ ወታደር ቀረኝ። ያ ወታደር መሮጥ ጀመረ። ጥግ ላይ የተጣበቀ ንጉሥ፣ ከኔ ወታደሮች ጋር ግንባር ለግንባር ተፋጥጠው መላወሻ ያጡ ሁለት ወታደሮች፣ አንድ ግንብ። ሒልሚ ያለው ይኸው ነው። ሰዓቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ በየእርምጃው በምትጨመርለት ጥቂት ሰከንድ ነው የሚተነፍሰው። የኔ ወታደር መጨረሻው ረድፍ ሊደርስ አንድ እርምጃ ቀረው። ደረሰ ማለት ወዚር ሆነ ማለት ነው። ተራው የኔ ነው። እጄን ዘረጋሁ።

«አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር...»

«እጅህን መልስ!» ሐጂ ዘግሉል ሰዓቱን አቆመው። የሚስቱን የገበታ ልብስ፣ ወይን የተሳለበትን፣ ቦርዱ ላይ ጣለው። የንጉሤ ዘውድ ከሥሩ ጉብ ብሎ ይታያል።

ተምርና ውኃ መጣ። ቁጭ ሳንል ጀመርኩ።

«ኡስታዝ፣ የበርዒን ሠርግ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም» አለ። የተምሯን ፍሬ ከአፉ አውጥቶ ሳሕኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

«ሙሽራውና ሙሽራይቱ አበባ በተደረደረባት ነጭ መኪና ፊት ፊት ይሄዳሉ፣ አጃቢው ሁሉ ከኋላ ጥሩምባ እየነፋ ይከተላል። በባሕሩ ዳር መንገድ፣ ኮርኒሽ ላይ፣ ሌላ ሠርግ ገባ። እሱም ነጭ መኪና ነው፣ እሱም አበባ አለው።»

«ኧረ!»

«የኛ ሰዎች ያንን ተከተሉ! የበርዒ እናት መስኮት ከፍታ እልልታውን ታቀልጠዋለች። ሌላ ከተማ፣ ደመንሁር ድረስ ሄዱ እኮ!»

«ከዚያስ?»

ለሶላት ተነሳን። ስሰግድ እንኳ፣ አላህ ይማረኝ፣ የማስበው የቀረውን ወሬ ነበር። ተመልሰን ሾርባ ቀረበ።

«የት ደርሰን ነበር?» አለ ሒልሚ ራሱ። «ደመንሁር።»

«አዎ! ገቡ፣ በሉ፣ ጨፈሩ። የበርዒ እናት የማታውቀውን ሙሽራ አቅፋ አለቀሰች። 'ዛሬ እንዴት አምሮብሃል ልጄ፣ አፍንጫህ እንኳ ተስተካከለ!' አለችው።»

ሒልሚ ማንኪያውን ጣለ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ መነጽሩን አወለቀ። እኔ በልቤ ጨፈርኩ። አንዲት ሐሳብ አላሳሰብኩትም! «በርዒስ?» ይለኛል። «ሙሽራይቱስ? ነዳጅ የት አለቀባቸው? አባቷስ ምን አለ?» አንዱን ስጨርስ ሌላ ይጠይቃል። ኧረ እንዲያውም ያልነበረም ጨመርኩበት፤ አንድ ግመል አስገባሁ። ሐጂ ዘግሉል ጨርቁን ሲገፈው ግመሉ ገና መኪናው ውስጥ አልገባም ነበር።

ሰዓቱ ተከፈተ። ወታደሬን ገፋሁ፣ አነሳሁት፣ በቦታው ወዚር ደቅ አደረግኩ። «ወዚር!» ሰው አጨበጨበ። ካይሮ ታየችኝ።

ሒልሚ እስትንፋስ እንኳ ሳይወስድ ግንቡን አንስቶ ንጉሤ አፍንጫ ሥር አስቀመጠው።

«ኪሽ።»

ንጉሥህን አድን ማለቱ ነው። ራቁቱን፣ ማንም የማይጠብቀው ግንብ! ልበላው እጄን ሰደድኩና አየር ላይ ደረቅሁ። ግንቡን ከበላሁት የሚንቀሳቀስ ነገር አይቀረውም። ንጉሡ መሄጃ የለው፣ ወታደሮቹ ታግደዋል፣ የሚያጠቃውም የለ። ይህ ደግሞ እኩል ነው። እኩል ደግሞ የእሱ ነው።

ሸሸሁ። ግንቡ ተከተለኝ። «ኪሽ።» ሸሸሁ። «ኪሽ።» እንደ ለማኝ ልብሴን ይዞ ይከተለኛል፤ ብላኝ፣ ብላኝ ይላል። ወዚሬ ቆሞ ያያል። ቦርዱን ሁሉ ዞርኩት። በመጨረሻ አቅሌን ስቼ በቡጢ አነሳሁት፣ በላሁት።

ሐጂ ዘግሉል አንገቱን አስግጎ አየ፣ እንደገና አየ። «እኩል» አለ፤ ሰው ሞተ እንደሚል።

ሒልሚ ሰዓቱን ለማቆም እጁን ዘረጋ። ሁለቴ ሳተው።

«ወታደሩን ከመግፋትህ በፊት ንጉሥህን አንድ ሳጥን ወደ ጎን ብታደርገው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ለኔ ንጉሥ መተንፈሻ ትሰጠው ነበር። ግንቤ እንደሆነ ወታደርህን አያቆመውም።»

«አውቃለሁ!»

«አሁን ነው ያወቅከው።»

«መቼ አሰቡት?» ጮህኩ። «ሲስቁ ነበር እኮ! መቼ አሰቡት?»

«አንተ ስታወራ ነዋ። ያቁት፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ስድሳ ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ ነው የማስበው። ዝም ብትል ነበር የሚጨንቀኝ። ወሬህ እንዳያልቅብህ ፈርቼ እኮ ነው 'ከዚያስ?' የምልህ።» መነጽሩን አጠለቀ። «ግመሉ ግን ውሸት ነው።»

ቦርዱን ልገለብጥ ብዬ ያዝኩት። አልተንቀሳቀሰም። ጠረጴዛው ላይ በሚስማር ተመቷል።

ረመዳን 16

ንጉሥ ወደ ጎን።

ረመዳን 17

ንጉሥ ወደ ጎን። ንጉሥ ወደ ጎን። አንዲት ሳጥን። ሹሩቅም ታየዋለች፣ የኩላሊት ተማሪ!

አዛን ሲል ተራው የኔ ነበር። ያንን ዕረፍት ለሒልሚ የተሰጠ ስጦታ ነው ብዬ ስንት ቀን ጮህኩ። ለኔ ነበር። ሙሉውን በበርዒ እናት ላይ አጠፋሁት።

አልለቀቀልኝም።

ረመዳን 20

ክለብ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻል ነበር። ሐጂ ዘግሉል መሐል ቁጭ ብሎ ሒልሚን ያማል።

«ድንጋይ ነው! የገዛ ተማሪውን! ነገ የሚዘምት ልጅ፣ ነገ! እንዴት አስቻለው?»

«ሐጂ» አልኩ፣ «ቢለቅልኝ ኖሮ ስለሱ ምን ይሉ ነበር?»

«ምን እላለሁ፣ ደግ ሰው እላለሁ።»

«ስለኔስ?»

አንዱ የዶሚኖ ሰው ከጥግ «ሚስኪን ነው የምንለው» አለና ሳቀ።

ጠረጴዛቸውን ገለበጥኩት። ይሄ በሚስማር አልተመታም። እስከ ዓሣ ተራ ድረስ አባረሩኝ። አንድ ጫማዬ እዚያ ቀረ።

ሹሩቅ እግሬን እየጠረገች «አንተ ግን ምን ይሻልሃል?» አለች። «ሲያዝኑልህ ትናደዳለህ፣ ሳያዝኑልህ ትናደዳለህ።» ከዚያ የፈተናውን መመዝገቢያ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ፈረምኩ። ስላናደደችኝ ነው የፈረምኩት።

ሸዋል 4 (ዒድ ካለፈ በኋላ)

ሒልሚ ዛሬ ካይሮ ሄደ። ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ልሰድበው ነው የሄድኩት፣ ሌላ ነገር የሚያስብ ካለ ይጠንቀቅ።

መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፤ ሻንጣው ጭኑ ላይ፣ ሹራቡ ያችው። ከሠፈር የሸኘው አንድም ሰው የለም። ደጉ ሰውዬ ሲሉት የነበሩት ሁሉ የት ገቡ?

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለኝ።

«ልሰድብዎ።»

ሰዓቱን አየ። «ትንሽ ጊዜ አለን። ጀምር።»

ጀመርኩ። ሰውን በአንቱታ መሳደብ እንዴት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። እርስዎ ቀንድ አውጣ፣ አልኩ። እርስዎ የተሰነጠቀ ጠመኔ። የሰው ወሬ እያስጨረሱ የሚዘርፉ ወንበዴ። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፣ አንዳንዴም «ይቺ ጥሩ ናት» ይላል። ባቡሩ ጮኸ፣ ተንቀሳቀሰ። እኔ ግማሹን እንኳ አልጨረስኩም። ከመስኮቱ እኩል መሮጥ ጀመርኩ።

«ካይሮ ላይ ተሸንፈው እንዳይመለሱ! ይሰሙኛል? እኔን ያሸነፈ ሰው በማንም ተራ ሰው ተሸንፎ ከመጣ ከወታደር ቤት አምልጬ መጥቼ ነው የምቆርጥዎ! በጊዜ ይተኙ! ሰዓት አያባክኑ! ይሰሙኛል?»

አንዲት ወፍራም ሴትዮ ዘንቢሏን ወረወረችና «ሰረቀህ ልጄ? ሰረቀህ እንዴ?» አለች። መልሴን አልጠበቀችም። «ሌባ! ያንን ባለ መነጽር ያዙት! የልጁን ንብረት ይዞ ሄደ!» ብላ ጣቢያውን አናጋችው። ሁለት ፖሊሶች ወደ ባቡሩ ሮጡ። አንዱ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ባቡሩን ሊያስቆም ነው። ሒልሚን ከካይሮ ሊያስቀርብኝ ነው!

«አልሰረቀኝም!» ብዬ ፖሊሱን ክንዱን ያዝኩት። «እማማ፣ ዝም በይ! አልሰረቀኝም! አሸንፎኝ ነው! በሐቅ ነው ያሸነፈኝ! እኔ ነኝ ያላየሁት፣ እሱ አሸንፎኝ ነው!»

ጣቢያው ሁሉ ሰማ። ሻይ ሻጩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ባቡሩ ወጣ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሒልሚም ሳይሰማ አልቀረም።

ይስማ። ሰምቶ ይቃጠል።